ክርክር፦ ፍሎራይድ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ይጨመር ወይስ ይቅር?

መነሻ፦ ፍሎራይድ ጥርስ እንዳይቦረቦር የሚያግዝ ማዕድን ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2025 የአሜሪካዎቹ ዩታና ፍሎሪዳ ግዛቶች ፍሎራይድ በመጠጥ ውሃ ውስጥ እንዳይጨመር ከለከሉ። የካናዳዋ ካልጋሪ ደግሞ በ2011 ያቆመችውን በ2025 መልሳ ጀመረች። ለልጆች ጥርስ የሚበጀው የቱ ነው?

ሄለን፦ ካልጋሪ ለምን እንደተመለሰች እንይ። ተመራማሪዎች የሁለተኛ ክፍል ልጆቿን ፍሎራይድ ካላቋረጠችው ከሌላዋ የካናዳ ከተማ ከኤድመንተን ልጆች ጋር ሲያስተያዩ፣ የተቦረቦረ ጥርስ በካልጋሪ በዝቶ ተገኘ። ጥርሱን የሚያስቦርሸው የሌለ ልጅም ውሃ ይጠጣል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ብሩክ፦ ጥናቱን አልክድም። ግን የስዊዘርላንዷ ከተማ ባዝል ከ1962 ጀምራ በ2003 ትታዋለች፤ ስዊዘርላንድ ፍሎራይዱን በገበታ ጨው ነው የምታቀርበው፣ ያልፈለገ ሌላውን ጨው ይገዛል። ከቧንቧ ሲመጣ ምርጫ የለም። ደግሞም ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ከተስፋፋ ወዲህ የውሃው ጥቅም እጅግ ቀንሷል፤ በ2024 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ በአማካይ ለአንድ ልጅ ከመቦርቦር የሚያድነው ሩብ ጥርስ ገደማ ነው ያለው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የመርዛማነት ጥናት ፕሮግራም ከፍተኛ ፍሎራይድ ከልጆች የአእምሮ ብቃት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ ጽፏል። ይህን እያወቅሁ ዝም ልበል?

ሄለን፦ ዝም አትበል፣ ግን ልኩንም ጨምረህ ተናገር። ዘገባው ያለው በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ስለሆነው ነው። አሜሪካ የምትመክረው 0.7 ነው፤ በዚህ መጠን ስለሚሆነው ለመፍረድ በቂ መረጃ የለም ብሏል።

ትዕግሥት፦ ሁለታችሁም ሰው ስለሚጨምረው ፍሎራይድ ብቻ ነው የምታወሩት። በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆና በብዙ የሕንድ አካባቢዎች ከዓለቱ እየሟሟ ራሱ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም ጣሪያ ብዙ እጥፍ የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። እዚያ ጭንቀቱ እንዴት ይውጣ ነው፤ በተከሰለ አጥንት ማጣራት ወይም በአልሙኒየም ጨውና በኖራ ማዝቀጥ ይሞከራል። ፍሎራይድ ሲበዛ ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ሥር ሳለ፣ በሚሠራበት ዕድሜ ነው። ከወጣ በኋላ ውሃው ቢለወጥ የበለዘው አይነጣም። እና እባካችሁ፣ ይጨመር አይጨመር ከማለታችን በፊት ውሃው ይለካ።

ብሩክ፦ በመለካቱ እስማማለሁ። ያነሰበት ቦታ ግን በሳሙና ይሟላ፦ ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመት አተር የምታህል፣ እንዳይውጡት እየተጠበቁ።

ሄለን፦ ሳሙና ለማይገዛለት፣ የሚጠብቀውም ለሌለው ልጅስ? ከመጀመሪያ የጠየቅሁህ ስለ እሱ ነው፤ እስካሁን አልመለስክልኝም።