ጥቆማ፦ እናትን ስለማስታመምና ቤት ስለመሸጥ ልጆች ተመካክረው የሚወስኑበት የቱ ይሻላል?

ጥያቄ
እናት በስትሮክ ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አእምሯቸውና አንደበታቸው ግን ደህና ነው። ልጆቹ ሦስት ናቸው፦ ታናሿ አዲስ አበባ አብራቸው፣ መካከለኛው ዱባይ፣ ታላቁ ቨርጂኒያ። ታላቁ «ቤቱ ይሸጥና አስታማሚ ይቀጠር» ይላል። የዱባዩ «የአባታችን ቤት አይሸጥም፣ ገንዘብ እኔ እልካለሁ» ባይ ነው። ሁለቱም እህታቸው ሥራ እንድትለቅ ይጠብቃሉ፤ ደፍሮ የጠየቃት ግን የለም። ሳይቀያየሙ እንዲወስኑ ሽማግሌ ይሻላል፣ ሎሚዮ የሚባለው የኢንተርኔት የጋራ ውሳኔ መሣሪያ፣ ወይስ የቴሌግራም ድምፅ መስጫ?

መልስ፣ ከማኅበራዊ ሠራተኛ
ድምፅ መስጠት መጨረሻ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ የሳምንቱን 168 ሰዓት ወረቀት ላይ አውርዱት፦ ማን፣ መቼ፣ ምን ይሠራል። ታማሚዋ ራሳቸው መገላበጥ ካልቻሉ የአልጋ ቁስል እንዳያወጡ በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለባቸው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ብቻ አራት ጊዜ መነሳት ነው። ይህ ሲጻፍ «አንድ አስታማሚ ትበቃለች» የሚለው ክርክር ያልቃል፤ ግማሹ ጭቅጭቅም የሌሊቱን ሥራ ማንም ስላልቆጠረው የመጣ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ በጉግል ፎርም ለሦስቱም በአንድ ቀን ሦስት ጥያቄ ላኩ፦ በሰዓትና በብር ምን ያህል እችላለሁ? ምንም ቢመጣ የማልቀበለው ምንድን ነው፣ ለምን? ከሁለቱ ውጭ ሌላ ምን አማራጭ አለ? ፎርም የመረጥኩት አንዱ የሌላውን መልስ ሳያይ ስለሚጽፍ ነው። የዋትሳፕ ድምፅ መስጫ የመራጩን ስም ስለሚያሳይ ታላቅየው ቀድሞ ከነካ ታናናሾቹ ይከተሉታል። ቴሌግራም ደግሞ ስትከፍቱት ካላስተካከላችሁት ስም ይደብቃል። የሠርግ ቀን ለመምረጥ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን «ቤቱ ይሸጥ ያለው ማነው?» የሚል ጥርጣሬ ትቶ ይሄዳል።

የሕሊናውን ክፍል ለመመዘን በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ የማርኩላ የሥነ ምግባር ማዕከል ያዘጋጀው መመሪያ በነጻ ይገኛል። በአማርኛ ሲቀመጥ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ የማን መብት ይነካል? ሸክሙ በፍትሕ ተከፋፍሏል? ብዙ ጥቅም፣ ትንሽ ጉዳት ያለው የቱ ነው? ለሁላችን በጋራ የሚበጀውስ? ይህን ሳደርግ ምን ዓይነት ሰው እሆናለሁ? የእያንዳንዱን ችግርና ዝምድና ያገናዘበው የቱ ነው? ስድስቱን በእኩል አትድከሙባቸው፤ በዚህ ጉዳይ የሚያፋጥጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

መልስ፣ ከጠበቃ
የመብቱን ጥያቄ ልጨምርበት። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእናት ነው፤ የሟች አባት ድርሻ ነው ለወራሾች የሚሄደው። ስለዚህ እናት ሳይስማሙ ልጆች ስለ ሽያጭ ድምፅ ቢሰጡ ዋጋ የለውም። ካርታው በማን ስም እንደሆነና ወራሽነቱ ተረጋግጦ እንደሆነ መጀመሪያ እዩ። ወላጅን መርዳትም የችሮታ ጉዳይ አይደለም፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በልጆችና በወላጆች መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለ ይላል።

ሽያጭ ላይ ከተስማማችሁ ውክልናው «መሸጥ» የሚለውን ለይቶ ይጥቀስ። ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፤ ብዙ ሰው ከኤምባሲ ያመጣውን ወረቀት ይዞ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

መልስ፣ ከአስማሚ
ሎሚዮ ከኒውዚላንድ የመጣ የጋራ ውሳኔ መሣሪያ ነው። እስማማለሁ፣ ድምፀ ተአቅቦ፣ አልስማማም፣ አግዳለሁ የሚሉ አማራጮች አሉት፤ ምክንያት ያስጽፋል፣ መዝጊያ ቀን አለው፣ ውጤቱን እስኪዘጋ መደበቅም ይቻላል። አማትና የአጎት ልጅ የገቡበት ትልቅ ቤተሰብ ከሆነ ያዋጣል። ለሦስት ሰው ግን ፎርሙና አንድ ጥሪ ይበቃል። ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ይመቻል፦ ዱባይ 12 ሰዓት ነው፣ ቨርጂኒያ ከጠዋቱ 4፣ በክረምታቸው 3።

ሽማግሌ የምጠራው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ሁለቱ ወንድሞች ቂም ከያዙ። ሦስት ይበቃሉ፣ አንዷ በሽተኛ ያስታመመች ሴት ትሁን። ቤት በማሻሻጥ ጥቅም ያለው ሰው አይግባ። የሽምግልና ደካማ ጎኑ የታወቀ ነው፦ እርቁ ቶሎ እንዲያልቅ ሲባል ታናሽየዋን «ቻይው፣ ምርቃቱ ላንቺ ነው» ብለው ያሸክሟታል። 168 ሰዓቱ የተጻፈበትን ወረቀት ፊታቸው አስቀምጡ።

የነፍስ አባት ለአንድ ሰው ሕሊና ጥሩ ናቸው፤ የሰሙት የአንድ ወገን ስለሆነ ዳኛ አታድርጓቸው። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የተደነገገው የፌዴራል ፍርድ ቤት አስማሚም አለ፤ እሱ ግን መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ነው፣ መክሰስን ይጠይቃል።

ጥያቄ
እናትየው «እንደፈለጋችሁ» ካሉስ?

መልስ፣ ከማኅበራዊ ሠራተኛ
ይላሉ። ልጆቹን ማስቸገር ስለማይፈልጉ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። «ቤቱ ይሸጥ ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እማዬ፣ ገላሽን ማን ቢያጥብሽ ደስ ይልሻል? ሌሊት ማን አጠገብሽ ይተኛ? ከዚህ ሰፈር ብትወጪ ምን ይቀርብሻል?» ብሎ አንድ ሰው ብቻውን፣ ስልክ ዘግቶ፣ ጠዋት ሳይደክማቸው ይጠይቅ። ልጃቸው እንድታጥባቸው አፍረው የተቀጠረች ሴት የሚመርጡ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ልጅቷ ደግሞ እናቷ እሷን ብቻ የሚፈልጉ መስሏት ሥራ ልትለቅ ትዘጋጃለች። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ መልሱን በድምፅ ቅዱትና ሦስቱም በጥሪው መጀመሪያ ላይ ይስሙት።

መልስ፣ ከአስማሚ
ልክ ነው። የተስማማችሁበትን ደግሞ ለ3 ወር ሙከራ ብላችሁ ጻፉት፤ የዱባዩ የሚልክበት ቀንና መጠን፣ የሌሊት ተረኛ፣ ልጅቷ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ከወሰደች ማን እንደሚያካክስላት፣ እንደገና የምትገናኙበት ቀን ሁሉ ይግባበት። በሦስቱ ወር ውስጥ ቤቱ አይሸጥ፣ እሷም ሥራ አትልቀቅ፤ ሁለቱም ከተደረጉ አይመለሱም።