የተረሱትን ቅርሶች እናስተዋውቅ ወይስ እንተዋቸው? የጣና ዳር ክርክር

ጥያቄ አቅራቢ፣ ከባሕር ዳር፦
ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ባለፈው እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ጢስ ዓባይ ወርደን ነበር። ፏፏቴውን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። በዚህኛው ጉዞ ግን አላታ ድልድይ ላይ ቁጭ አልኩ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ድልድይ ነው። ዓባይ ላይ ከተሠሩት የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ እሱ ነው ይባላል። ዛሬም ገበያተኛው ከነአህያው ይሻገርበታል። ጎብኚው ግን ለፏፏቴው እየቸኮለ ረግጦት ያልፋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ስቀመጥ ቆም ብሎ ያየው አንድም ሰው አላጋጠመኝም።

ፎቶ አነሳሁና ልለጥፍ ስል ጓደኛዬ ከለከለኝ። «ተወው፣ ሰው ካወቀው ያበላሸዋል» አለኝ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐይቁን ዙሩት፣ እንዲህ የተረሳ ሞልቷል። ጎርጎራ በኩል ማርያም ግንብ አለ። እንፍራዝ የጉዛራ ግንብ አለ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ ጊዮርጊስ ግቢ፣ የድሮ የድንጋይ ፎቅ አለ። ፎቶውንም መንገዱንም አውጥተን እናስተዋውቃቸው ነው የምለው። እናንተስ?

የጀልባ አስጎብኚ፦
አውጣው ወንድም ዓለም! እኔ በጣና ላይ ስንት ዓመት ስመላለስ የእንግዳው መንገድ አንድ ነው። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ከዚያ የዓባይ መውጫ፣ አለቀ። ግማሽ ቀን አይሞላም። ጣና ላይ 37 ያህል ደሴት አለ ይባላል፣ እንግዳው የሚያየው ሁለቱን ወይ ሦስቱን ነው። ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ከባሕር ዳር ልጆች ራሱ ስንቱ ሄዶ አይቷታል? ሰው የማያውቀው ቦታ ገቢ የለውም። ገቢ ከሌለ ጣሪያ የሚያድስ የለም። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ ያለ እንግዳ ተቀምጠን ይህንን በደንብ አይተነዋል።

የዘጌ ልጅ፦
እኔ ደግሞ ከታወቀው ቦታ ነው የመጣሁት። ስለዚህ ስሙኝ። የዑራ ሥዕሎች ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ከታች በኩል ያሉትን እዩአቸው። የስንት ሰው ትከሻ ታክኳቸዋል፣ የስንት ሰው እጅ ዳስሷቸዋል። ካህኑ «አትንኩ» እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ይለምናሉ። በጎን ፍላሽ ይበራል። ይሄ እንግዲህ ካህን ባለበት፣ ቁልፍ ባለበት፣ ቲኬት በሚቆረጥበት ቦታ ነው። ማርያም ግንብ ማን አለ? ከብት ጠባቂ ልጅ ካልሆነ በቀር ማንም። አድራሻውን ስትለጥፍ ለመልካም ሰው ብቻ አይደለም የምትለጥፈው። ወርቅ ተቀብሯል ብሎ ዶማ ይዞ የሚመጣም ያነበዋል። እኔ ስሙን እዚህ የማልጠራው ቦታ ላይ የተቆፈረ መሠረት በዓይኔ አይቻለሁ።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር፦
ልጆች፣ መጀመሪያ ለምን እንደተረሱ እንጠይቅ። ማርያም ግንብ ዝም ብሎ የፈረሰ ቤት አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ፣ የካቶሊክ ሚስዮን፣ ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት አቀረባቸው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1618 የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ የደረሰው ራሱ ነው። በጊዮርጊስ ግቢ ያለውንም ፎቅ አባቶች ለእሱ ይሰጡታል። ከዚያ አገር በሃይማኖት ተከፈለ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተባለ። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፣ ሚስዮኖቹም ተባረሩ። ያኔ ለካቶሊኮቹ የተሠራውን ማርያም ግንብ ማን ይጠግነው? የቂም ቤት ሆኖ ቀረ። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ቆፍረው አጥንተውታል፣ እኛ ግን ተማሪ ይዘን አንሄድም። እኔም አርባ ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን አልወሰድኳቸውም። ይህ ይቆጨኛል።

ዲያቆን፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ቂም ያሉት ለእኛ የሰማዕታት ደም ነው። ያ ግንብ የቆመው ሃይማኖታችንን ለማስለወጥ ነው። ይፍረስ አላልኩም። ግን ብራና እያቀፉ ዝናብ የሚያንጠባጥብባቸው ገዳማት በዚህ ሐይቅ ላይ አሉ። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ነው፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲል እዚያ ናቸው። አንድ ብር ካለን መጀመሪያ ወዴት ይሂድ? እኔ ለገዳሙ ነው የምለው።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር፦
ልጄ፣ የብሩ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ አልከራከርህም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ድንጋዩን የተሸከመው የደምቢያ ገበሬ ነው፣ ኖራውን ያቃጠለው የእኛ ሰው ነው። ዐፄ ፋሲል ሚስዮኖቹን አባረሩ፣ የኖራውን ጥበብ ግን አላባረሩም። ጎንደርን ሠሩበት። ዛሬ የምንኮራበት ፋሲል ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ ያለ ጎርጎራ ታሪኩ ጎዶሎ ነው።

የሥነ ሕንፃ ተማሪ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ ኖራው ላንሳ። እኔን ከሌባው ይልቅ የሚያስፈራኝ ደግ ሰው ነው። ቦታው ይታወቃል፣ ሰው ያዝናል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ ከዚያ ሲሚንቶ ይጫናል። የኖራ ግድግዳ ይተነፍሳል። ውሃ ቢገባው ቀስ እያለ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ከላይ አዲስ መስሎ ከሥር ይፈረፈራል። ለዚህ እኮ ነው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ጥገና እንዳይደረግ የሚለው። ብታስተዋውቁ ይህንንም አብራችሁ ጻፉ።

የጀልባ አስጎብኚ፦
እህት ዓለም፣ ፈቃድ ስንጠብቅ ቢወድቅስ? ማርያም ግንብ ከፊሉ የወደቀው በእኛው ዘመን ነው። ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያየው።

የሥነ ሕንፃ ተማሪ፦
እሱ ነው የሚያመኝ። ዛሬ ማድረግ የሚቻል ግን አለ። ግድግዳው ላይ የበቀለውን ሾላ ሥሩ ሳይወፍር ለቅርስ ባለሙያ ማሳየት፣ ስንጥቁን በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ፎቶ ማንሳት። ፎቶ ለላይክ ብቻ አይደለም። ሲወድቅ ምን እንደነበረ የሚመሰክረው እሱ ነው።

የጢስ ዓባይ ልጅ፦
ስለ እኛ ድልድይ እየተወራ ዝም ልበል እንዴ? ቲኬቱ የሚቆረጠው ለፏፏቴው ነው። ፏፏቴው ደግሞ በበጋ ይሳሳል። ውሃው ለመብራት ማመንጫ ይወሰዳል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከሐይቁ ይወስዳል። እንግዳ በጥር መጥቶ ቀጭን ውሃ አይቶ አዝኖ ይመለሳል። ድልድዩ ግን በጥርም በነሐሴም እዚያው ነው! ታሪኩን የሚነግር ሰው ቢኖር እንግዳው ይቀመጥ ነበር። እናቴ ቡና ታፈላለት ነበር። የዘጌው ወንድሜ ፍርሃትም ገብቶኛል። አምና አንድ ጎረምሳ ስሙን በምስማር ሊጭር ሲል ያስቆመው ዘበኛ አይደለም፣ ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ናቸው። ድልድዩ መንገዳቸው ስለሆነ ያዩታል።

የዘጌ ልጅ፦
አሁን ተግባባን። በየቀኑ ሰው የሚያልፍበትን አስተዋውቁ። ሰው የማይኖርበትን ግንብ ግን ካርታ ላይ አትትከሉት። ታሪኩን ጻፉ፣ መንገዱን አትጻፉ።

ጥያቄ አቅራቢ፣ ከባሕር ዳር፦
እሺ፣ ተቀብያለሁ። የአላታን ፎቶ ዛሬ ማታ ከነታሪኩ እለጥፋለሁ። የማርያም ግንብን መንገድ ግን አላወጣም። መሄድ የሚፈልግ ካለ ከጎርጎራ ሰው ይዞ ይሂድ፣ አበልም ይክፈለው። የጊዮርጊሱን ፎቅ ምን እናድርግ? መሀል ከተማ ነው፣ ግን በአጠገቡ እየሳለመ የሚያልፈው ምእመን ራሱ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ዲያቆን፦
በገንዘቡ ጉዳይ ከመምህር ጋር አልተግባባንም፣ ሐሳቤ ያው ነው። ለማየት ከሆነ ግን አለቃውን አስፈቅጄ እኔ አሳያችኋለሁ። እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በሩ ላይ ጠብቁኝ። ነጠላ ያዙ። መምህር፣ እርስዎም ይምጡ፣ ታሪኩን እርስዎ ነዎት የሚነግሩን።