ክራር ከዓመታት በኋላ እንደገና፦ በምን ልጀምር?

ጥያቄ፦ ድርድርም (ክሮቹን በጣት አንድ በአንድ መንካት) ግርፍም (ክሮቹን ባንድ ላይ መግረፍ) እችል ነበር። አሁን ጣቶቼ አይታዘዙም፣ ቅኝቱም ቶሎ ይወርዳል። በቀን 30 ደቂቃ አለኝ። እንዴት ልከፋፍለው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ለሁለት ሳምንት 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን ቀን አትዝለል። እሁድን ጠብቀህ ሁለት ሰዓት ብትቀመጥ ጣትህ ይቆስልና ሦስት ቀን ያስተኛሃል። 5 ደቂቃ ቃኝ፦ ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፤ ስድስተኛ ክር ካለው የላይኛው ዶ። 7 ደቂቃ ድርድር በሜትሮኖም (ምት መቁጠሪያ) በደቂቃ 60 ምት። ሦስት ጊዜ ሳትሳሳት ስትጨርስ ብቻ ወደ 64 ውጣ። የቀረው ለግርፍ ይሁን። መጀመሪያ የሚጠፋው የቀኝ እጅ ፍጥነት አይደለም፤ የግራ እጅ አፈና፣ ማለትም መሰማት የሌለባቸውን ክሮች በጣት ይዞ ዝም ማሰኘት ነው። ጣት ቀድሞ ሲነሳ የጎረቤቱ ክር አብሮ ይጮኻል። ስለዚህ ቀስ ብለህ ግረፍና አንድ ክር ብቻ መሰማቱን አድምጥ።

መልስ 2፦ ስለ ቅኝቱ፦ አንድ ክር ብቻ ከወረደ ቀንበሩ (ክሮቹ የሚታሰሩበት አግዳሚ እንጨት) ላይ ያለው የጨርቅ ጥምጥም ላልቷል፤ ጨርቁን ቀይረህ አጥብቀው። ሁሉም አብረው ከወረዱ ቆዳው በእርጥበት ረግቧል፣ ክረምት ላይ የተለመደ ነው። እባክህ ምድጃ ዳር አታድርቀው፣ ይሰነጠቃል! አዲስ የናይለን ክር ደግሞ ለቀናት ይለጠጣል፤ እሱን መታገስ ነው።

መልስ 3፦ ክራሩን ከቦርሳው አውጥተህ ዓይንህ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ስቀለው። ወደ ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ወደ ባቲና አምባሰል አትቸኩል። ትዝታ ማይነር ግን ቅርብ ነው፦ «ሚ»ን እና «ላ»ን በግማሽ ድምፅ ማውረድ ብቻ።