የፌርፊልድ ቤት ጉብኝት፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ የሚገኘውን ፌርፊልድ ሃውስን በማኅበር ለመጎብኘት፣ የአማርኛ በራሪ ጽሑፍም ለማዘጋጀት ረቂቅ አቅርቤአለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መነሻው እንዲህ ይላል፦ «ፌርፊልድ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት የኖሩበት ቤተ መንግሥት ነው»።

የታሪክ ክፍል ተጠሪ፦ «ቤተ መንግሥት» ይውጣ። በከተማው ዳር፣ በኬልስተን መንገድ ላይ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ የተሠራ ቪላ ነው። የአሠራሩ ዘይቤ ደግሞ፣ ይግረማችሁና፣ የጣሊያን ነው። ከሙሶሊኒ ጦር ተሰድደው የተጠለሉት ጣሊያን ጣሊያን በሚሸት ቤት ውስጥ! በ1936 ገዝተውት እስከ 1940 ኖረውበታል። እቴጌ መነን ግን ብርዱ ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደዋል። የሕይወት ታሪካቸውንም መጻፍ የጀመሩት በዚያው በባዝ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ «ቤት ገዝተው ተንደላቅቀው ኖሩ» የሚል ሐሜት ስላለ የክሱ ነገር ይግባልኝ። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሊከፈል ይገባ በነበረ 10,613 ፓውንድ ከሰሱት፤ የመጀመሪያው ዳኛም ፈረዱላቸው። ይግባኙ ውሳኔ ሳያገኝ ግን እንግሊዝ በኅዳር 1938 የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጋ ተቀበለች። መብቱ ወደ እርሱ ተላልፏል ተባለና ኃይለ ሥላሴ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በባዕድ አገር ሕጋዊ ባለቤት የሆኑት የቤታቸው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

አንዲት አባል፦ ክሱ ይግባ። ነገር ግን በመካከላችን ንጉሡን የሚወድም የማይወድም አለ። በራሪው ውዳሴ ከሆነ ግማሾቻችን አንመጣም። ስለ ቤቱ እንጻፍ፤ ከእርሳቸው በኋላ ስላለውም ጭምር።

ጸሐፊ፦ እኅቴ፣ ከእርሳቸው በኋላ ምን የሚጻፍ አለ?

የታሪክ ክፍል ተጠሪ፦ ዋናው እርሱ ነው እንጂ! በእንግሊዝ የስንቱ ባላባት ቤት የውርስ ግብር መክፈል አቅቶት ተሸጧል፣ ፈርሷል፣ ሆቴል ሆኗል። ይህኛው በስጦታ ነው የተላለፈው። በ1954 ለጉብኝት ሲመለሱ ከተማዋ የክብር ነዋሪነት ሰጥታቸው ነበር፤ በ1958 ደግሞ ቤቱ ለአረጋውያን እንዲውል ለከተማዋ አበረከቱት።

አንዲት አባል፦ እንግዲያው በዚያ እንጀምር። በቤቱ ሲሰበሰቡ የኖሩት የባዝ አረጋውያን፣ ከካሪቢያን የመጡትም ጭምር፣ ይጋበዙ። ቤታቸው ገብቶ ፎቶግራፍ አንስቶ መውጣት ነውር ነው፤ ምሳ ይዘን እንሂድ።

ሊቀመንበር፦ ተስማምቻለሁ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ እንዳይሆን ብቻ፤ ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ጾመኛ ቢያየው አያምርም።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው፦ «ፌርፊልድ ስደተኛ ንጉሥ ገዝቶ የኖረበት፣ በኋላም ለከተማዋ አረጋውያን የሰጠው ቤት ነው። ማኅበራችን እነዚህን አረጋውያን ምሳ ይጋብዛል፤ የቤቱን ታሪክ ከክሱ ጋር በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያሳትማል»። ተቃውሞ ከሌለ ለቤቱ አስተዳዳሪዎች ልጽፍ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጻፉ። እኔ ግን የአውቶቡሱን ኪራይ ዋጋ ሳላይ አልፈርምም።