የኢራን መንግሥት ሰማዩን ካስነጠቀ በኋላ በምን ቆመ?

የማታ አንባቢ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ኢራን ነው። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የጁን 2025ቱን የ12 ቀን ጦርነት ሌት ተቀን ነው የተከታተልኩት። ጁን 13 እስራኤል መታች። በዚያው ቀን የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ መሐመድ ባገሪ፣ የአብዮታዊ ዘቡ አዛዥ ሆሴን ሳላሚ እና የሚሳኤሉ ኃላፊ አሚር አሊ ሃጂዛዴህ ተገደሉ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ የእስራኤል ጄቶች ቴህራን ላይ እንደ ልባቸው ይመላለሱ ጀመር። ጁን 22 ደግሞ አሜሪካ ሰባት ቢ 2 ቦንብ ጣዮች ልካ ፎርዶና ናታንዝ በተባሉት የኒውክሌር ጣቢያዎች ላይ 14 ግዙፍ ቦንቦች ጣለች። አንድም አውሮፕላን ሳይመታባት ተመለሰች።

ይህ እንግዲህ «አሜሪካ ምንም ልታደርገን አትችልም» የሚለውን የመሥራቹን የኾሜይኒን ቃል መፈክር አድርጎ የኖረ መንግሥት ነው። ሥልጣን የተሰጠኝ ከፈጣሪ ነው የሚል መንግሥት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ሲሸነፍ ምኑ ነው የሚደክመው? መሣሪያው ብቻ ነው? እምነቱም አብሮ ይሄዳል? ደግሞስ በ13ኛው ቀን ለምን አልወደቀም?

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ኢራናዊ አለ። መንግሥቱን አምርሮ ይጠላል። በዚያ ሳምንት ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን ይዞ ሲያለቅስ አየሁት። ነገሩ እንዳልገባኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ራዳር 77

ከመሣሪያው ልጀምር፣ እሱን በመጠኑም ቢሆን አውቀዋለሁ።

ብዙ ሰው የአየር መከላከያን እንደ አጥር ያስበዋል። እንደ ሰው አካል ብታስበው ይሻልሃል። ራዳሩ ዓይን ነው፣ ማዘዣ ጣቢያው አእምሮ፣ ማስወንጨፊያው እጅ። ዓይኑ ከጠፋ እጁ ደህና ቢሆን ምን ያደርጋል? ኢራን በ2016 ከሩሲያ የተረከበችው ኤስ 300 የተባለ የአየር መከላከያ ሚሳኤል ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አፕሪል 19/2024 እስራኤል ኢስፋሃን አጠገብ የዚህን መሣሪያ ራዳር ለይታ መታች። ያኔ ብዙዎች ትንሽ ምት ናት ብለው አለፏት። ለእኔ ግን ከሁሉም የከፋችው እሷ ነች፣ ምክንያቱም በዚያ ሰማይ መግባት እንደሚቻል ያሳየችው እሷ ነች። ኦክቶበር 26/2024 ሌሎቹ ኤስ 300ዎችና ለሚሳኤል ደረቅ ነዳጅ የሚዘጋጅባቸው ቦታዎች ተመቱ። ዲሴምበር 8 የኢራን ወዳጅ የነበረው የሶሪያው መሪ አሳድ ወደቀ፣ በዚያ መሐል ወደ ኢራን የሚያሻግረው የሶሪያ ሰማይም ያለ መከላከያ ባዶ ቀረ። ጁን 13 ላይ ደግሞ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ አስቀድሞ አገር ውስጥ ሸሽጓቸው የነበሩ ድሮኖች ከውስጥ ተነስተው መከላከያውንና ማስወንጨፊያውን መቱ። ስለዚህ ኢራን የተሸነፈችው በ12 ቀን አይደለም። ከአንድ ዓመት በላይ ቀስ በቀስ ስትሸነፍ ነው የቆየችው።

ለዚህ ያበቃት መሣሪያ ማጣት ብቻ አይመስለኝም። ኢራን ሁለት ጦር አላት፣ መደበኛው ጦርና አብዮታዊ ዘቡ። ዘቡ በ1979 ሲቋቋም የሃይማኖት መሪዎቹ በአብዮቱ ከወረደው ንጉሥ ከሻሁ የወረሱትን ጦር አላመኑትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ ወደ ዘቡ፣ ወደ ሚሳኤልና ውጭ አገር ወዳሉ ሚሊሻዎች ሄደ። አየር ኃይሉ በሻሁ ዘመን የተገዙ ኤፍ 14 እና ኤፍ 4 ጄቶች ይዞ ቀረ። ማዕቀቡም ድርሻ አለው፣ አልክድም። ግን መፈንቅለ መንግሥት የሚፈራ መንግሥት ጦሩን ሆን ብሎ ይከፋፍላል፣ አዛዥም ሲሾም ከችሎታው ይልቅ ታማኝነቱን ያያል። ክፉ ቀን ሲመጣ ዋጋው ይታያል።

ጃንዋሪ 8/2020ን አስታውሱ። ኢራን አሜሪካ ለገደለችው የዘቡ ጄኔራል ለቃሴም ሶሌይማኒ መገደል አጸፋ ኢራቅ ውስጥ ያለ የአሜሪካ ጦር ሰፈር በሚሳኤል ከመታች ጥቂት ሰዓት አልፏታል። አጸፋ ይመጣብናል ብለው እየጠበቁ እንኳን የመንገደኞች በረራ አላቆሙም። ከዚያ የዘቡ አየር መከላከያ ከቴህራን የተነሳውን የዩክሬን አውሮፕላን መትቶ ጣለ። 176 ሰው አለቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ካዱ። ለእኔ ሽንፈቱ የጀመረው እዚያ ነው። የአየር መከላከያው በሽታ ያኔውኑ ፊት ለፊት ታይቶ ነበር፣ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ማን ደፍሮ ይናገር?

የዳር ተመልካች

ራዳር ያልከው ልክ ነው። እኔ ግን ከራዳሩ በፊት የተሰበረ ሌላ ነገር ይታየኛል።

በሕዝቡና በመንግሥቱ መካከል ያልተጻፈ ውል ነበር። ነፃነት የላችሁም፣ ኑሮው ከብዷል፣ ልጆቻችሁ በሂጃብ ምክንያት ይያዛሉ፣ ግን ጦርነት ቤታችሁ አይገባም የሚል። ያኔ የበላይ መሪ የነበሩት ኻሜኒ በ2016 ሶሪያ ሄደው ስለሞቱ ተዋጊዎች ሲናገሩ፣ እነሱ እዚያ ባይዋጉ ኖሮ ጠላትን እዚሁ ኢራን ውስጥ ከርማንሻህና ሃማዳን ላይ እንዋጋው ነበር ብለዋል። ገንዘቡ ወደ ደማስቆና ቤይሩት ሲሄድ የኖረው በዚህ ማሳመኛ ነው። ከዚያስ? ሴፕቴምበር 27/2024 የሂዝቦላህ መሪ ናስራላህ ቤይሩት ላይ ተገደለ። ዲሴምበር ላይ አሳድ ሞስኮ ገባ። ጁን 2025 ላይ ቦንቡ እዚያው ከርማንሻህ ላይ ወረደ። እሳቸው ስሟን የጠሩት ከተማ ላይ! የኢራን እናት ይህን የምትረሳው አይመስለኝም።

መጠለያም አልነበረም። መንግሥት ሕዝቡን ሜትሮ ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና መስጊድ ተጠለሉ አለ። ሰዉ ልጆቹን መኪና ውስጥ አድርጎ ወደ ሰሜን ሸሸ፣ ከቴህራን የሚወጣው መንገድ በመኪና ተጨናነቀ። ለሚሳኤሎቹ ከተራራ ሥር ከተማ ሲቆፍር የኖረ መንግሥት ለሕዝቡ አልቆፈረም። እኔን አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

እምነቱ አብሮ ይሄዳል ወይ ላልከው፣ ከጦርነቱ በኋላ የተናገሩትን ስማ። ኻሜኒ ለሳምንታት በአደባባይ ሳይታዩ ቆይተው የወጡት ጁላይ 5/2025 ሺዓዎች ለኢማም ሁሴን በሚያዝኑበት በአሹራ ቀን ዋዜማ ነው። ለኢማም ሁሴን የሐዘን ግጥም የሚያዜመውን ሰው ጠጋ ብለው ስለ ኢራን አዚም አሉት። የአገር ፍቅር መዝሙር በሐዘን ቤት ውስጥ ተዘመረ። አስቡት፣ ለአርባ ምናምን ዓመት ከአገር በፊት ሃይማኖት ሲሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የሃይማኖቱ ቃል ብቻውን ሰው እንደማይሰበስብላቸው ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ታሪክ ፈላጊ

ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ሽንፈትና ውድቀትን አንድ አድርገን እንዳናይ እፈራለሁ። ብዙ ጊዜ በመካከላቸው ዓመታት አሉ፣ እነዚያ ዓመታት ደግሞ ለሕዝቡ ከጦርነቱ ይብሳሉ።

ኾሜይኒ ከኢራቅ ጋር ስምንት ዓመት ከተዋጉ በኋላ ጁላይ 1988 ተኩስ አቁሙን ሲቀበሉ መርዝ እንደ መጠጣት ነው አሉ። ድል እስኪገኝ እንዋጋለን ብለው ወጣቱን ሲያስጨርሱ ለኖሩ ሰው ይህ ሽንፈት ነው። ከዚያ ምን መጣ? በዚያው ሰሞን በሺዎች የሚቆጠሩ የፖለቲካ እስረኞች በየእስር ቤቱ ተገደሉ። በዓመቱ ኾሜይኒ ሞቱ፣ መንግሥቱ ግን ኻሜኒን ተክቶ ቀጠለ። ውጭ የተዋረደ መንግሥት ክንዱን አገር ውስጥ ያሳያል። ይህን የምለው እዚያ ያሉት ሰዎች ስለሚያሳስቡኝ ነው።

ሃይማኖታዊ መንግሥት ለሽንፈት የተዘጋጀ ቋንቋም አለው። የሺዓዎች ትልቁ መታሰቢያ ካርባላ ነው፣ ኢማም ሁሴን በ680 ከጥቂት ሰዎች ጋር ተከበው የተገደሉበት ቦታ። የሚታሰበው ተሸንፎ እውነት ከእሱ ጋር የነበረች ሰው ሞት ነው። ስለዚህ የሞተን ጄኔራል ሰማዕት ብሎ መቅበር አያስቸግርም። የአርጀንቲና ጄኔራሎች ይህ አልነበራቸውም። ጁን 14/1982 ፎክላንድ ላይ ለእንግሊዝ እጃቸውን ሲሰጡ መሪያቸው ጋልቲየሪ ሳምንት ሳይሞላው ወረደ፣ በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ተደረገ። መኮንኖቹም የሚመለሱበት ካምፕ ነበራቸው። አብዮታዊ ዘቡ ወዴት ይመለሳል? ጦር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ መንገድና ግድብ የሚሠራ፣ ከነዳጅ የሚነግድ ትልቅ ባለሀብት ነው። ሥልጣኑ ከሄደ ንብረቱም ነፍሱም አብሮ ይሄዳል።

ሱዳንን ደግሞ እዩ፣ የማህዲስቶቹን ሃይማኖታዊ መንግሥት። ማህዲው በ1885 ሲሞት ኸሊፋ አብዱላሂ ያዘው። ኦገስት 1889 ግብፅን ሊወር የላከው ጦር ቶስኪ ላይ አለቀ። መንግሥቱ ግን ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ሴፕቴምበር 2/1898 ዋና ከተማው ኦምዱርማን አጠገብ የእንግሊዙ አዛዥ የኪችነር መትረየስ በግማሽ ቀን ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። ኸሊፋው ከዚያም አምልጦ ከዓመት በላይ ኖረ። ኖቬምበር 1899 መጨረሻው እንደደረሰ ሲያውቅ ከአሚሮቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ጥይቱን ጠበቀ። ያን መንግሥት የጨረሰው ኦምዱርማን የገባው እግረኛ ጦር ነው።

የ12 ቀኑ ጦርነት ላይ ቴህራን የገባ እግረኛ የለም። አውሮፕላን ራዳር ይመታል፣ በየሰፈሩ በሞተር ሳይክል የሚዞረውን ባሲጅ፣ የዘቡን ሚሊሻ፣ ግን በምን ይለየዋል? ጋሻው ተሰበረ፣ ዱላው እንዳለ ነው። ፖሊስ ራሱ በእነዚያ 12 ቀናት 21 ሺህ ተጠርጣሪ ይዣለሁ ብሏል። የአፍጋን ስደተኞችም ሰላዮች ተብለው ጣት ተቀስሮባቸዋል፣ በዚያ ዓመት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ወደ አፍጋኒስታን ተመልሰዋል። ሳላሚ በተገደለ በአንድ ቀን ውስጥ ሞሐመድ ፓክፑር በቦታው ተሾመ። ሰው ይሞታል፣ ወንበሩ ባዶ አያድርም።

የማታ አንባቢ

ታሪክ ፈላጊ አመሰግናለሁ፣ የካርባላውን በዚህ መልኩ አስቤው አላውቅም። ግን ኔታንያሁ ሕዝቡን ተነሱ ብሎ ጠርቶ ነበር። በ2022 በሂጃብ ምክንያት የተያዘችው ወጣት ማህሳ አሚኒ በፖሊስ እጅ ስትሞት ለወራት አደባባይ የወጣ ሕዝብ ነው። መንግሥቱ ይበልጥ በደከመበት ቀን ለምን ቤቱ ዋለ?

የዳር ተመልካች

ቦንብ እየወረደ ማን ይሰለፋል ወንድሜ? ልጅህን የት ታደርጋለህ? ጁን 23 የኤቪን እስር ቤት ተመታ። የፖለቲካ እስረኞቹ ያሉበት፣ መንግሥቱን በመቃወማቸው የታሰሩት ያሉበት ቦታ ነው። የኢራን የፍትሕ ባለሥልጣናት መጀመሪያ 71 ሰው ሞቷል አሉ፣ ከእነሱ ውስጥ እስረኞችና ሊጠይቋቸው የመጡ ቤተሰቦች ነበሩበት። ነፃ አወጣሃለሁ የሚለው ቦንብ እስረኛውን ሲገድለው ሰው ምን ይበል? ባልደረባህም ያለቀሰው ለዚህ ይመስለኛል። መንግሥቱን መጥላትና አገሩ ስትነድ ማየት አንድ ላይ መጥተውበታል።

ታሪክ ፈላጊ፣ ዱላው እንዳለ ነው ባልከው ላይ ግን ትንሽ ልጨምር። ዱላውን የሚይዘው ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ተመልሶ መጣ። ሽንፈቱ ኪስ ውስጥ የሚገባው እንዲህ እያለ ነው፣ ቀስ ብሎ።

ራዳር 77

ደመወዙ ላይ አንድ ነገር ልጨምርበት፣ ጥርጣሬን። ሃጂዛዴህ የተገደለው ከዋና ዋና መኮንኖቹ ጋር አንድ ቦታ እያለ ነው። የት እንዳሉ ማን ነገረ? እያንዳንዱ መኮንን ጎኑ ያለውን ሰው ማየት ይጀምራል። አዲስ ራዳር ከሩሲያም ከቻይናም ሊመጣ ይችላል። ግን አራት አዛዦች አንድ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ከፈሩ፣ ስልክ ለመያዝ ከፈሩ፣ ራዳሩ ያየውን በሰከንዶች ውስጥ ማን ለማን ያስተላልፋል? ሰላይ ፍለጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበላው ሥራውን የሚያውቀውን ሰው ነው፣ ውጭ የተማረ፣ የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ጥያቄ የሚያበዛ ስለሆነ ብቻ።

የማታ አንባቢ

ዛሬ ለባልደረባዬ የሁላችሁንም መልስ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ዱላው ላይ ስደርስ አስቆመኝ። እህቱ በ2022 ሰልፍ ወጥታ ነበር፣ በ2025 ደግሞ ልጆቿን ይዛ ወደ ሰሜን ሸሽታለች። ተኩሱ ቆሞ ቴህራን ስትመለስ መንገድ ላይ አዲስ ኬላ ቆሟል። የቆመው ልጅ 20 ዓመት አይሞላውም አለኝ። ሰማዩ ላይ ምን እንዳለፈ አልጠየቃትም። ስልክሽን ክፈቺ አላት።