አስፈሪ ፊልሜን አይተው ሳቁብኝ፤ ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?

የማታ ተረኛ፦
ሰላም ናችሁ። የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን ጨረስኩ። 8 ደቂቃ ነው። አንዲት ልጅ አልጋዋ ስር የገዛ ራሷ ድምፅ ይጠራታል። ተዋናይዋ እህቴ፣ ካሜራው ስልኬ፣ ሎኬሽኑ መኝታ ቤቴ። ብዙ የደከምኩት ደሙ ላይ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ቀለም ስበጠብጥ ነበር። ጓደኞቼ ግን ልክ ደሙ ሲመጣ በሳቅ ፈረሱ። እኔ የፈለግኩት ቅዠት ቅዠት የሚል ነገር ነበር። ያለ ገንዘብ አይሆንም ማለት ነው?

ጆሮ ዳባ፦
አይዞህ፣ ችግሩ ገንዘብ አይደለም። የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የዴቪድ ሊንችን «ዘ ግራንድማዘር» («ሴት አያት» ማለት ነው) ፈልገህ እይ። እ.ኤ.አ. የ1970 ፊልም ነው፣ 34 ደቂቃ። ሊንች ያኔ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ሰዓሊ ነበር። ፊላዴልፊያ የሚኖርበትን ቤት ክፍሎች ጥቁር ቀባቸው። ግድግዳና ጣሪያው የሚገናኙበትን በጠመኔ አሰመረ። በቃ፣ ስቱዲዮ ሆነለት። ከአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት መጀመሪያ ያገኘው 5,000 ዶላር ነው።

ታሪኩ? አልጋው ላይ የሚሸና ልጅ አለ። አባቱ በጭካኔ ይቀጣዋል። ወላጆቹ እንደ ሰው አያወሩም፣ እንደ ውሻ ይጮሃሉ። ልጁ አልጋ ላይ አፈር ከምሮ ዘር ይተክላል፣ ውሃ ያጠጣል። የበቀለው ነገር አያት ይወልድለታል። ሲወራ ያስቃል አይደል? ስታየው ግን አትስቅም።

ድምፁ ነዋ! ሊንችና የድምፅ ባለሙያው አለን ስፕሌት የተዘጋጁ ድምፆችን ቢሰሙ አልጣማቸውም። ራሳቸው ሠሩት፤ 63 ቀን ፈጀባቸው። የአያትየዋን ፉጨት የሚያስተጋባ መሣሪያ ስላልነበራቸው በቱቦ ውስጥ እያሳለፉ ደጋግመው ቀዱት። አንተ ለደሙ ሁለት ቀን ሰጠህ። ለድምፁስ?

ፋታ የለኝም፦
እኔ እንኳ እውነቱን ልናገር፣ መሃል ላይ እንቅልፍ ጥሎኛል። ይረዝማል። ግን ሰዎቹን ፍሬም በፍሬም እየቀረፀ እንደ አሻንጉሊት ያንቀሳቀሰበት ቦታ እስካሁን ይቀፈኛል። እሱን በስልክም መሞከር ይቻላል። ደሙን ቁረጠው በናትህ።

የማታ ተረኛ፦
ለድምፁ? ዜሮ። ስልኩ የቀዳውን እንዳለ ነው የተውኩት። ዛሬ ማታ ምስሉን ሳላይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። አፈርኩ። የእህቴ ድምፅ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ነው የሚመስለው። የፍሪጁ እዝዝታ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለ! አሁን እሱን የሚያጠፋ አፕ እየፈለግኩ ነው።

ጆሮ ዳባ፦
ቆይ ቆይ! ፍሪጁን እንዳትነካው። እህትህን አልጋ ስር አስገባና ድምፅዋን ብቻ ድጋሚ ቅዳ፣ ስልኩን አፏ ሥር አድርገህ። ፍሪጁ እንዲሁ እዝዝ ይበል፣ ተመልካቹ እስኪለምደው። ከዚያ ልጅቷ ስሟ ሲጠራ ስትሰማ፣ ፍሪጁ ድንገት ጸጥ ይበል።