«ሁሉን ሞካሪ» የተባለችው ጃኪ ጆይነር ከርሲ

ስታዲየም ዙሪያ፦ ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት ላይ የቀረቡ እንግዳ ስለ አሜሪካዊቷ አትሌት ጃኪ ጆይነር ከርሲ ተጠይቀው «እሷ ሁሉን ሞካሪ እንጂ እንደ እኛዎቹ የአንድ ሙያ ጌታ አይደለችም» ብለው ሲያልፉ፣ አዘጋጁ ዝም ማለቱ አናዶኛል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክ ላይ በሄፕታትሎን፣ ማለትም የሰባት ውድድሮች ነጥብ በሚደመርበት ፉክክር፣ ያስመዘገበችው 7,291 ነጥብ እስከ ዛሬ ያልተሰበረ የዓለም ክብረወሰን ነው። የሞካሪ ክብረወሰን ይህን ያህል ዘመን ሳይነካ ይቆያል?

የለገሃሩ፦ እንግዳው አልተሳሳቱም። በዚያው ሄፕታትሎን 800 ሜትሩን የጨረሰችው በ2 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሲሆን፣ የዚያው ኦሎምፒክ የ800 ሜትር አሸናፊ 1 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ነው የገባችው። በ12 ሰከንድ የተቀደመን ሯጭ እኛ አገር ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ቸርችል ጎዳና፦ የለገሃሩ፣ 800 ሜትር የሰባቱ ውድድሮች መደምደሚያ መሆኑን ረሱት ወይስ መርሳት ፈለጉ? መሰናክል፣ ከፍታ ዝላይ፣ አሎሎና 200 ሜትር በመጀመሪያው ቀን፣ ርዝመት ዝላይና ጦር ውርወራ በማግስቱ ካለፉ በኋላ የሚሮጥ ነው፤ ያውም አስም ባለባት ሴት። እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ወርቁን ለአውስትራሊያዊቷ ግሊኒስ ነን የለቀቀችው በ5 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ይህም በ800 ሜትር ሲሰላ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም።

የለገሃሩ፦ አስሙን ማን ካደ? ባርሴሎና ላይ እሷ ሁለተኛውን የሄፕታትሎን ወርቅ ስትወስድ፣ የእኛዋ ደራርቱ 10,000 ሜትርን አሸንፋ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሎምፒክ ባለወርቅ ሆናለች። ጌትነት ማለት ይህ ነው።

አራት ኪሎ፦ ማንም ያልነካትን ደራርቱን እዚህ ምን አመጣት? የ1984ቱንም የ1988ቱንም ኦሎምፒክ አገራችን ስላልተካፈለች ብዙዎቻችን ጃኪን የምናውቃት በወሬ ነው፤ በረጅም ርቀት ስለምናሸንፍም የቀረውን ሁሉ «ሙከራ» ማለት ለምደናል። እስኪ ስታዲየም አጠገብ ካሉት የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች ገብታችሁ የውድድር ጦር ጠይቁ፤ ባለሱቁ ወደ ቸርችል የባህል ዕቃ ሱቆች ይመራችኋል።

የለገሃሩ፦ ቀልዱ ጥሩ ነው፤ መልስ ግን አይደለም። ሁሉን ሞካሪ ብያለሁ፣ ሁሉን ሞካሪ ናት።

ስታዲየም ዙሪያ፦ እንግዲያው ይህን ይመልሱልኝ። ሴኡል ላይ በሄፕታትሎኑ ውስጥ የዘለለችው 7.27 ሜትር ነው። ከ5 ቀን በኋላ ለብቻው በተካሄደው የርዝመት ዝላይ የምሥራቅ ጀርመኗ ዝላይ ተወዳዳሪ ሃይከ ድሬክስለር ብር ያገኘችው በ7.22 ሲሆን፣ ወርቁን በ7.40 የወሰደችው ራሷ ጃኪ ናት። የአንድ ሙያ ጌቶቹ ያን ቀን የት ነበሩ?

የለገሃሩ፦ ዝላዩን ልስጥዎት። የቀሩት ስድስቱስ?

ቸርችል ጎዳና፦ መሰናክሉንም ይጨምሩ እንጂ! በሄፕታትሎኑ 100 ሜትር መሰናክልን የሮጠችው በ12.69 ነው፤ በዚያው ኦሎምፒክ የመሰናክል ነሐስ የተገኘው በ12.75 ነበር።

የለገሃሩ፦ ይሁን፤ አምስት ቀርቷችኋል።